እምቢ በሉን

ሻለቃ ካሳሁን ማመስገን የሚወድ ሰው ነው። ጠዋት ቡራዩ ካለው ቤቱ ሲወጣ ፈጣሪውን ያመሰግናል፤ ታክሲ ውስጥ ጠጋ ያለለትን ሰው ያመሰግናል፤ ዝናብ ሲመጣ ያመሰግናል፤ ዝናቡ ሲያባራም ያመሰግናል። ቢያመሰግን ደግሞ አይፈረድበትም። ጉርምስናውንም ጎልማሳነቱንም ሠራዊት ውስጥ ጨርሶ፣ ስንቱን ጓደኛ በየበረሃው ቀብሮ፣ እሱ ግን በሁለት እግሩ ቆሞ ጡረታ ወጥቷል። የወጣ ዕለት እናቱ ወይዘሮ ስንዱ እንደ ገበያ ዶሮ እያገላበጠች አየችውና አካሉ ሙሉ መሆኑን ስታረጋግጥ፣ "ተመስገን! እንግዲህ አርፈህ ተቀመጥ" አለችው።

አርፎ አልተቀመጠም። አብረውት ጡረታ የወጡት መኮንኖች የፋብሪካ ጥበቃ ኃላፊ ለመሆን ወደ ዱከም ሲሮጡ፣ እሱ "መዋጋቱንስ አየሁት፤ አሁን ደግሞ ሰው እንዴት እንደሚታረቅ ልማር" ብሎ ለሁለተኛ ዲግሪ ተመዘገበ። የትምህርቱ ስም "ሰላምና ግጭት አፈታት" ይባላል። እናቱ ስትሰማ "ሽበት ያወጣ ተማሪ! ቦርሳና ምሳ ዕቃ ልግዛልህ እንዴ?" ብላ ሳቀችበት። ከዚያ ወጥታ ለሰበታ ጎረቤቶቿ በሙሉ "የበኩር ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገባ" እያለች ስታወራ ዋለች።

መጀመሪያ ላይ ትምህርቱ አስጨንቆት ነበር። ከብዶት አይደለም። መምህርቷ ዶክተር ኤዶም፣ ልጁ ልትሆን የምትችል ወጣት ሴት፣ አንድ ነገር ታስረዳና ወደ እሱ ዞራ "እርስዎ ምን ይመስልዎታል?" ትለዋለች። ካሳሁን በዕድሜው ሙሉ ትዕዛዝ ተቀብሏል፣ ትዕዛዝ ሰጥቷል፤ ምን እንደሚመስለው ግን የጠየቀው ሰው አልነበረም። ተነስቶ ቀጥ ብሎ ይቆምና ላብ ያጠምቀዋል። አብረውት የሚማሩት ልጆች "ሻሌ፣ ተቀምጠው ይመልሱ እንጂ!" እያሉ ይስቁበታል። በተለይ ሐኒ የምትባለው ተጫዋች ልጅ ኮምፒዩተር ላይ ጽሑፍ ማቅረብ እስኪችል ድረስ ሳትሰለች አስተማረችው። እየቆየ ሲሄድ "ምን ይመስልዎታል?" የምትለዋን ጥያቄ ወደዳት። የሰው ልጅ ከተከበረባቸው ነገሮች አንዷ እሷ ናት ብሎ ያምን ጀመር።

አንድ ልማዱ ግን ከሠራዊቱ ተከትሎት መጥቷል። ነገር ሲያድር አይወድም። ጥፋት ተፈጠረ? ይጣራል፣ ይወሰናል፣ ዛሬውኑ ይዘጋል። ሲወጣ ያስረከበው ጠመንጃውን ነው፤ ይህን አመል የሚረከብለት ግምጃ ቤት አልነበረም።

የመስቀል አበባ ረግፎ የሱሉልታ ሣር በሚታጨድበት ሰሞን ታናሽ ወንድሙ ወንዲ ሞተ።

ወንዲ የወይዘሮ ስንዱ የመጨረሻ ልጅ ነው። የኤሌክትሪክ መስመር ሲዘረጋ ይውላል፤ ማታ ሰበታ ወደ እናቱ ቤት ይገባል። ያን ዕለት ለሥራ ሱሉልታ ሄዶ መንገድ ዳር ቆሞ ሳለ፣ ድርቆሽ የጫነ አይሱዙ ፍሬን በጥሶ መጥቶ ገጨው። ሆስፒታል ሳይደርስ አረፈ። ሾፌሩ ሞቲ የሚባል የሱሉልታ ልጅ ነው። አልሸሸም፤ በእግሩ ሄዶ ለፖሊስ እጁን ሰጠ፤ ኋላም በዋስ ተለቀቀ።

የፍርድ ቤቱ ጉዳይ በራሱ መንገድ ይሄዳል። ለደሙ ግን የሚላከው ሽማግሌ ነው። ኦሮሞው ጉማ ይለዋል፣ አማራው ደም ማድረቅ ይለዋል፤ ነገሩ ያው ነው። ደሙ እስኪደርቅ ድረስ ሁለቱ ቤተሰቦች በአንድ መንገድ አይተላለፉም፣ በአንድ ገበያ አይቆሙም። ሞቲ ደግሞ ኑሮው ከሱሉልታ ድርቆሽ እየጫነ ሰበታ ላሉ ከብት አድላቢዎች ማድረስ ነው። እርቅ ካልወረደ መኪናውም ይቆማል፣ እናቱም ትራባለች፣ ወንድም ያለው ቤት ሁሉ በጥርጣሬ ይተያያል።

ስለዚህ የወንዲ አርባ ሳይወጣ፣ አንድ ማለዳ ገና ጤዛው ሳይረግፍ፣ ሦስት ሽማግሌዎች ሰበታ በወይዘሮ ስንዱ በር ላይ ቆሙ። የሞቲ ወገኖች አመራረጥ ያውቁበታል። አንደኛው ከሱሉልታ የመጡት ኦቦ ደቻሳ ናቸው፤ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ሆነው ጡረታ የወጡ፣ ረጋ ያሉ ሰው። ሁለተኛው ባለሱቁ ሐጂ የህያ ናቸው፤ ወይዘሮ ስንዱ ዘይቷንና ስኳሯን ከእሳቸው ሌላ ሰው ሱቅ ገዝታ አታውቅም። ሦስተኛው የገዛ ንስሐ አባቷ ናቸው። ሦስቱም ባርኔጣና ጥምጣማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ አንገታቸውን ደፍተው ከበሩ ውጭ ቆሙ።

ካሳሁን ሐዘኑ ላይ ሰንብቶ ስለነበር በሩን የከፈተው እሱ ነው። እናቱ ውስጥ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች።

"አካም ቡልተኒ፣ እንዴት አደራችሁ" አሉ ኦቦ ደቻሳ። "እግዜር ያጥናችሁ። ሻለቃ፣ እኛ አጥፊዎች ሆነን፣ የምንለው ጠፍቶን ነው የመጣን..."

ካሳሁን አላስጨረሳቸውም። "ኦቦ፣ ይቅር ብያለሁ" አለ። "ልጁ ሆን ብሎ አላደረገውም። ይምጣ፣ ይሥራ፤ በእኛ በኩል ነገሩ ተዘግቷል። እባካችሁ ግቡና ቁርስ እንብላ።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ኦቦ ደቻሳ "ይኸው ነው?" ብለው ጠየቁ።

"ይኸው ነው።"

"እሺ። ሰምተናል" አሉና ሳይገቡ፣ እህል ሳይቀምሱ ተመልሰው ሄዱ። ካሳሁን ግን ደስ አለው። የለቅሶ ቤት ላለማስቸገር ብለው ነው ሲል አሰበ። ይህን ልብ የሰጠኝ አምላክ ይመስገን አለ፤ ከልቡም ነበር ያለው። ወደ ውስጥ ሲገባ እናቱ ፊቷን ከግድግዳው አላዞረችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ "እሺ" እና "የለም" ከምትለው በቀር አንድ ቃል አልወጣትም። ሐዘን ነው ብሎ ዝም አለ።

ክፍል ሲመለስ ነገሩን እንደ ምሳሌ አድርጎ አቀረበው። ሐኒ ባስተማረችው መሠረት በስክሪን ላይ እያሳየ፣ በቀል እንዴት እንደሚወረስና እሱ እንዴት በማለዳ በር ላይ እንደቆረጠው አስረዳ። ልጆቹ ተነስተው አጨበጨቡ። ሐኒ እንባዋን ጠረገች። ዶክተር ኤዶም ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠብቃ፣

"ሻለቃ፣ እናትዎስ ምን አሉ?" ብላ ጠየቀችው።

"አልጠየቅኳትም" አለ ካሳሁን። "ሐዘን ላይ ስለነበረች እንዳትረበሽ ብዬ..."

"ታዲያ ይቅርታው የማን ነው?"

ጥያቄዋ ለማሳፈር አልነበረም፤ ድምጿም ለስላሳ ነበር። ካሳሁን ቀስ ብሎ ወደ ቦታው ሄዶ ተቀመጠ። ማመስገን የማይረሳው ሰውዬ ያን ቀን አንድም ሰው ሳያመሰግን ወደ ቤቱ ሄደ።

በሳምንቱ ኦቦ ደቻሳ ስልክ ደውለው "ለቡራዩ የሚቀርብዎት ገፈርሳ ነው፤ እዚያ እንገናኝ" አሉት። ግድቡ አጠገብ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር አገኛቸው። ጥቂት አብረው ተራመዱ። ሽማግሌው ስለ ውኃው መጉደል፣ ስለ ሣሩ ዋጋ፣ ስለ ጉልበታቸው አወሩ። ካሳሁን ትዕግሥቱ ሊያልቅ ሲል ቆሙና፣

"ሞቲ ጠፍቷል" አሉት።

"እንዴት ጠፋ? ምሬዋለሁ እኮ!"

"ስለማርከውማ ነው የጠፋው።" እስከዚያ ቀን "እርስዎ" ይሉት የነበሩት ሰውዬ አሁን እንደ ልጅ ያናግሩት ጀምረዋል። "ልጄ፣ እኛ እዚያ በር የቆምነው ልንሰደብ ነበር። ቤቴ ተነስቼ ስወጣ ለሚስቴ 'ዛሬ የምሰማውን ስድብ አምላክ ያስችለኝ' ብያት ነው የወጣሁት። አንተ ቁርስ ጋበዝከን! ሄደን ለሞቲ እናት ብንነግራት ምን ያለችን ይመስልሃል? 'ወታደር ነው፤ ወንድሙ ሞቶ በአንድ ቃል ማረ? ይህ ሰው ያሰበው ነገር አለ' አለች። ዕለቱን ልጇን ዱከም ዘመድ ቤት ላከችው። እሷም በሯን በቀን ቆልፋ ነው የምትውለው።"

ካሳሁን ሳቁም ንዴቱም አንድ ላይ መጡበት። "ኦቦ፣ እኔ መሣሪያዬን አስረክቤ እኮ ነው የወጣሁት! ምን ላድርግበት ነው?"

"እኔ አውቃለሁ። እሷ ግን በምን ታውቅ? የተቆጣ ሰው ቁጣው ይታያል፣ ሲበርድም ይታያል። ያልተቆጣ ሰው ምን ጊዜ እንደሚቆጣ በምን ይታወቃል?"

ካሳሁን ውኃውን እያየ ቆመ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ሲባል ስንቴ ሰምቷል፤ ለሌላ ሰው የተባለ ነበር የሚመስለው። እርቅ ሊያጠና ገብቶ፣ በገዛ ወንድሙ ደም ላይ እርቅ ያበላሸው እሱ ራሱ ሆነ። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይኸው ነው።

"ታዲያ ምን ይሻላል?" አለ በመጨረሻ።

"እንደገና እንመጣለን። እናትህም አንተም፣ እምቢ በሉን።"

"ምን?"

"እምቢ በሉን። በደንብ አድርጋችሁ እምቢ በሉን። አባራችሁ ብትመልሱን እንመለሳለን፤ ደግመን እንመጣለን። ሽማግሌ የተፈጠረው ለመመለስ ነው።"

"ውሸቴን እምቢ ልበላችሁ?"

ኦቦ ደቻሳ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። "ውሸትህን አይሆንም፤ አትፍራ" አሉት።

ካሳሁን ግን ፈራ። እምቢ ማለት አይችልበትም። በሠራዊት ሕይወቱ አንድ ጊዜም እምቢ ብሎ አያውቅም። ቤቱ ገብቶ ጺሙን ሲላጭ በመስታወቱ ፊት "አይሆንም!" እያለ ተለማመደ። የመጀመሪያው "ይፈጸማል ጌታዬ" የሚል ሰው ድምፅ ይመስል ነበር። ሁለተኛው ትንሽ ተሻለ። በሦስተኛው ጎረቤት "ምን ሆንክ ሻለቃ?" ብሎ ጠየቀው።

ሽማግሌዎቹ ሊመጡ ባሉበት ዋዜማ ሰበታ ሄደና እናቱ አልጋ አጠገብ ተቀመጠ። ልጅ ሆኖ ዕቃ ሲሰብር እንደሚያደርገው እጁን በጉልበቶቹ መካከል ከተተ።

"እማዬ፣ ሳልጠይቅሽ መልስ ሰጠሁ።"

ከስንት ጊዜ በኋላ ፊቷን አዞረችለት። ዕድሜዋን የሠራችበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ክፍል ያደነቆረው ጆሮዋ ብዙ ነገር ያልፈዋል፤ ያን ጠዋት በር ላይ የተባለውን ግን አንዷንም ቃል አላለፋትም።

"አንተ ወንድምህን ይቅር አልክላቸው" አለችው። "እሱ ያንተ ነው፤ መብትህ ነው። እኔ ግን ልጄን ገና አልሰጠሁም። ማን ስጪ አለኝ? ማን ጠየቀኝ?"

"ማንም አልጠየቀሽም።"

"ነገ ሲመጡ አትጥራኝ። የራስህን ተናገር" ብላ ወደ ግድግዳዋ ተመለሰች።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ እንደ በፊቱ ቆሙ። ኦቦ ደቻሳ ያንኑ ንግግር ከመጀመሪያው ጀመሩ። ካሳሁን ንግግሩ እስኪያልቅ ጠበቀና ስብሰባ ላይ ሐሳብ እንደሚቃወም ሰው "አይሆንም። አንቀበልም" አለ። ሽማግሌዎቹ አልተነቃነቁም። ምን እንደሚከተል የጠፋው እሱ ነው። ያኔ ሐጂ የህያ አንድ እርምጃ ወደፊት ቀረቡና፣

"ስለ ወንዲ ብለህ፣ የኔ ልጅ" አሉት።

የወንዲን ስም በዚያ በር ላይ እሰማለሁ ብሎ አልጠበቀም።

"ስሙን አትጥሩ!" ብሎ ጮኸ። "ወንዲን አትጥሩብኝ! አባታችን ሲሞት ጡት አልጣለም ነበር! ከየግንባሩ ደሞዜን እየላክሁ ያስተማርኩት እኔ ነኝ! እኔ ጥይት ውስጥ ቆሜ ስንት ጊዜ አለፈኝ፣ እሱ ሽቦ ይዞ መንገድ ዳር ቆሞ! ፍሬኑን ሳያይ የሚነዳ ሰው ምን ይቅርታ አለው? ሂዱ! ሂዱ ከዚህ!" የቆርቆሮውን በር በኃይል ወርውሮ ዘጋው። በሩ ሰፈሩን ሁሉ የሚያሰማ ድምፅ አወጣ።

ከዚያም ጀርባውን በሩ ላይ አስደግፎ እየተንሸራተተ መሬት ላይ ተቀመጠና አለቀሰ። በቀብሩ ቀን አላለቀሰም፤ ድንኳን ሲያስተክል፣ ወንበር ሲያስቆጥር፣ መኪና ሲያሰልፍ ነበር የዋለው። አሁን ግን ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም እንደሚባለው ሆነለት። እንባው በጺሙ እየወረደ፣ አፍንጫውን በክንዱ እየጠረገ፣ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ወንድሙ መሞቱን የሰማ ያን ሰዓት ነው ቢባል ይቀላል።

ከበሩ ማዶ የኦቦ ደቻሳ ድምፅ በቀስታ መጣ። "ገለቶማ" አሉ። "ሻለቃ፣ እናመሰግናለን። አሁን ገና ደረስን።" የሦስቱም ኮቴ እየራቀ ሄደ።

ካሳሁን ቀና ሲል እናቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደፉ ላይ ቆማለች። ከአልጋዋ ተነስታ ከወጣች የመጀመሪያ ቀኗ ነው። መጥታ መሬቱ ላይ አጠገቡ ተቀመጠች። "እኔ እኮ አንተ ያልጎዳህ መስሎኝ ነበር" አለችው። "ብቻዬን የቀበርኩት መስሎኝ ነበር።" ከዚያ አብረው አለቀሱ። ሲበቃቸው እሷ ቀድማ ተነሳችና "ተነስ፤ ሱሪህ ቆሸሸ" አለች። ካሳሁን በሕይወቱ ብዙ ሹመትና ምስጋና ተቀብሏል፤ እንደዚያች ቃል ደስ ያለው ግን የለም።

ካሳሁን ጮኾ ማባረሩ ሱሉልታ ሲሰማ የሞቲ እናት "እሰይ! አሁን ሰው ሆነ" አለች አሉ። ቆልፋው የከረመችውን በር ከፈተች። ልጇንም ከዱከም አስጠራችው።

አርባው ወጥቶ ጥቂት እንደሰነበተ ሽማግሌዎቹ ለሦስተኛ ጊዜ መጡ። በዚህ ጊዜ ከኋላቸው ሞቲ አለ። ቀጭን፣ ረዥም ልጅ ነው፤ የልብስ ማንጠልጠያ የሚመስል ትከሻው ላይ ትልቅ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ቆሟል። ካሳሁን በሩን ሊከፍት ሲል እናቱ በክንዷ ገፋ አደረገችውና ራሷ ከፈተች። ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች ከሰዎቹ ፊት ቆመች። እሱ ከኋላዋ ቀረ። ዝም በል ብሎ ራሱን አዘዘ፤ በሕይወቱ ከተቀበለው ትዕዛዝ ሁሉ የከበደው ይህ ነበር።

ኦቦ ደቻሳ ሊናገሩ ሲሉ ወይዘሮ ስንዱ እጇን አነሳች። ልጁን ለረዥም ጊዜ ተመለከተችው።

"አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ እማማ።"

"ወዲያው ነው የሞተው ይሉኛል። ሁሉም ይሉኛል። እውነት ነው?"

ወዲያው ሞተ ብሎ የነገራት ካሳሁን ነው፤ እንዳትሰቃይ ብሎ ነው። ሞቲ ወደ ኦቦ ደቻሳ አየ። ሽማግሌው አልረዱትም። የራሱን መልስ እንዲመልስ ተዉት።

"አይደለም እማማ" አለ ልጁ። "ወዲያው አልሞተም። በሰው መኪና ጭነን ስንወስደው ጭንቅላቱ እኔ ጭን ላይ ነበር።"

"ተናገረ?"

"ተናግሯል።"

"ምን አለ?"

"'ጫማዬ' አለ እማማ። አንዱ ጫማ መንገድ ላይ ወልቆ ቀርቶ ነበር። 'ጫማዬን አንሱልኝ፤ አዲስ ነው' አለ።"

ከወይዘሮ ስንዱ ደረት አንድ ድምፅ ወጣ። ንስሐ አባቷ ልትወድቅ ነው ብለው ሊደግፏት እጃቸውን ዘረጉ፤ ሴትዮዋ ግን እየሳቀች ነበር።

"ውሸታም!" አለች። "አዲስ! የትላንት ወዲያ ዘመን ጫማ ነው እኮ! እያጠበ፣ እያጠበ፣ አዲስ ነው ይለኛል! ለማንም አዲስ ነው ነበር የሚለው! እስከዚያች ሰዓት ድረስ ይዋሻል? የኔ ውሸታም!" ሳቋ ወደ ለቅሶ፣ ለቅሶዋ ወደ ሳቅ እየተመላለሰ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ታብሳለች። ሐጂ የህያም እየሳቁ አለቀሱ፤ ወንዲን ያውቁታላ።

ካሳሁን ከኋላ ቆሞ ይህን ሁሉ ያያል። በዚያ የመጀመሪያ ማለዳ የሰጠው ይቅርታ ተቀባይ አግኝቶ ቢሆን ኖሮ፣ ይህ ልጅ ቃሏን በሆዱ ይዟት ይኖር ነበር። እናቱም ከግድግዳው ጋር ትኖር ነበር። የወንዲን የመጨረሻ ቃል ከዚህ ልጅ በቀር በምድር ላይ የሚያውቅ ሰው የለም። ይቅርታውን ያልተቀበሉትን እነዚያን ሦስት ሽማግሌዎች፣ "የማን ነው?" ብላ የጠየቀችውን መምህርቱን፣ በሯን የቆለፈችውን የማያውቃትን እናት ሳይቀር በልቡ አመሰገናቸው።

"ያንን ድንጋይ አውርዱለት" አለች ወይዘሮ ስንዱ። "አንገቱ ሊቀነጠስ ነው።"

ካሳሁን ቀድሞ ደርሶ ድንጋዩን ከልጁ ትከሻ ላይ አነሳና መሬት አስቀመጠው። ሞቲ ግን ቀና አላለም።

"ጫማውንስ?" አለችው። "አነሳህለት?"

"አንስቻለሁ እማማ። ቤት አለ። ለማን እንደምሰጠው ስላላወቅሁ አጥቤ አስቀመጥኩት።"

"አንዱ እኔ ጋ ነው" አለች ወይዘሮ ስንዱ። "ከሆስፒታል አንድ እግር ብቻ ሰጡኝ። ሌላው የት ሄደ ብዬ ብጠይቅ የሚነግረኝ አጣሁ።" ወደ ልጁ ቀረብ አለች። "በምን አጠብከው?"

"በሳሙና።"

"በሳሙናማ አይሆንም፤ ነጩ ይወይብበታል። እሱ በጥርስ ሳሙና ነው የሚያጥበው፤ የኔን እየሰረቀ።"

"አላወቅኩም እማማ።"

"በምን ታውቃለህ?" አለችና በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ እያየች "ግቡ" አለቻቸው። ሽማግሌዎቹ ገቡ። ሞቲ ከበሩ ውጭ እንደቆመ ቀረ። እሷም ደፉ ላይ ቁጭ አለችና አጠገቧ ያለውን ቦታ በመዳፏ መታ መታ አደረገችለት።

"ና፣ እዚህ ተቀመጥ" አለችው። "ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረኝ።"